ሱስ በምን ይታወቃል?

የሱስ ሕመምን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ወይም የሽንት ምርመራ የለም። የሽንት ምርመራ አንድ ሰው አደንዛዥ ዕፅ በቅርቡ መውሰዱን ያሳያል እንጂ በሱስ መያዙን አይናገርም፤ ካናቢስን አዘውትሮ ያጨስ ሰውማ ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው በዋናነት በመጠየቅ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው መመሪያ 11 መለኪያዎችን ይዘረዝራል። ካሰቡት በላይ መውሰድ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሐራራ፣ ኃላፊነትን መዘንጋት፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ12 ወራት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ከታዩ ሕመሙ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው እትም ከሕግ ጋር መጋጨትንም ይቆጥር ነበር፤ በአዲሱ ያ ወጥቶ ሐራራ ገባ። መልካም ለውጥ ነው፤ መታሰር የሕመሙን ያህል የአገሩን ሕግና የፖሊሱን ትጋት ይከተላልና። በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን የሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛም መድኃኒቱን ሰውነቱ ስለለመደው ብቻ ሱሰኛ አይባልም።

ችግሩ የሚጎላው መጠን ሲጠየቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአልኮል ያዘጋጀው ኦዲት የተሰኘ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ከ40 ነጥብ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በቅርበት ይጠየቃል። መጠይቁ ግን የሚቆጥረው የአልኮል ይዘቱ የታወቀ መጠጥን ነው። ቤት የወጣ አረቄ ብርታቱ ከአውጪ አውጪ ይለያያል፤ የጠላ ጣሳም አንድ ልክ የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ ስንት ጠጣህ ከማለቱ በፊት በምን ጠጣህ ማለት አለበት። ጫትም እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ የዙርባ ቁጥር ብዙ አይነግርም። ሳይቅም ሲውል ዱካክ ይይዘው እንደሆነ፣ ሥራ መጀመር ያቅተው እንደሆነ መጠየቅ የበለጠ ይጠቅማል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚል ሰው ሲገኝ መጠጡ ለብቻው ይመረመራል፤ መለኪያዎቹ ለእያንዳንዱ ነገር በየፊናቸው ይቆጠራሉና።

ድምፅ የሚሰማ ወይም የሚጠራጠር ሕመምተኛ ከመጣ ደግሞ ምልክቱ የጫቱ ነው ወይስ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም የሚለው ወዲያው አይለይም። ካቆመ አንድ ወር ገደማ አልፎም ምልክቱ ከቀጠለ ሁለተኛው ይጠረጠራል። ሕክምናው ግን እስከዚያ አይዘገይም። ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት አቁሞ እጁ ከተንቀጠቀጠም የመለኪያ ቆጠራው ይቆይ፤ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ በሁለት ቀናት ውስጥ ሊከተል ስለሚችል መጀመሪያ ይታከማል።