አየር፣ ሙቀትና አቧራ፦ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ክፍሎች አመራረጥ

ኮምፒውተር ለመገጣጠም ስናስብ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን መቅደም ያለበት የአየር ጉዳይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወግደው ሙቀት ያነሰ ነው። የበጋው አቧራ ተጨምሮ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ብዙ ገንዘብ የከፈልንበት አቅምም ሳንጠቀምበት ይቀራል።

ስለዚህ በቅድሚያ ኬዙን እንምረጥ። የፊት ገጹ አየር የሚያሳልፍ፣ ማጣሪያውም ወጥቶ የሚታጠብ ይሁን። ሁለት ባለ120 ሚሊሜትር ማራገቢያዎች ከፊት በማጣሪያው በኩል አየር ሲያስገቡ፣ አንድ ተመሳሳይ ማራገቢያ ደግሞ ከኋላ ሲያስወጣ፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው ጥቂት ይበልጣል። ያን ጊዜ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። ፕሮሰሰሩን የምንመርጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለተለመደው የቢሮ ሥራ 65 ዋት የሚባለው ዓይነት ይበቃል።

ሆኖም ማጣሪያው ሲደፈን የሚገባው አየር ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ይገለበጥና ኬዙ አቧራን በየቀዳዳው መሳብ ይጀምራል። እንግዲህ ማጣሪያውን በየጊዜው አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ መመለስ የግንባታው አንድ አካል ነው።