ዘጠኝ ቁጥር የሚከፍተው በር፦ የመሥሪያ ቤት ስልክ ከውጭው ዓለም ጋር እንዴት ይገናኛል?

ከመሥሪያ ቤት ስልክ ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9 ቁጥርን መጫን በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኮሎምበስ በሆቴል፣ በክሊኒክ ወይም በመጋዘን ቢሮ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም እንግዳ ነገር አይደለም። የልማዱ ምክንያት የሚገኘው በስልክ ማዞሪያው ሣጥን ውስጥ በተሰካ አንድ ካርድ ላይ ነው። ይህን ምክንያት ማወቅ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ለብዙ ስልክ ጥቂት መስመር

አርባ ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት አርባ የስልክ መስመር መከራየት አያስፈልገውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ስለማይደውሉ ስምንት መስመር ሊበቃው ይችላል። ፒ.ቢ.ኤክስ በመባል የሚታወቀው የውስጥ ማዞሪያ ሠራተኞቹን እርስ በርሳቸው በራሱ ያገናኛል፤ ወደ ውጭ ለሚደውለው ግን ከስምንቱ መካከል ያልተያዘውን መርጦ ይሰጠዋል። እነዚህ የጋራ መስመሮች በሙያው ቋንቋ «ትራንክ»፣ የሚገቡበትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ «ትራንክ ካርድ» ይባላሉ። 9 ቁጥርን መጫን እንግዲህ ማዞሪያውን «የውጭ መስመር ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ ነው።

የካርዱ ተግባራት

ከስልክ ኩባንያው ጣቢያ የሚመጡት ሁለት የመዳብ ሽቦዎች 48 ቮልት ገደማ ኃይል ይዘው ይጠብቃሉ። ሠራተኛው 9ን ሲጫን በካርዱ ላይ ያለው ሪሌይ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል፤ ኤሌክትሪክም መፍሰስ ይጀምራል። ጣቢያው ከዚህ ፍሰት መስመሩ መያዙን ተረድቶ የመደወያ ድምፅ ይልካል። ጥሪ ከውጭ ሲመጣ ደግሞ ጣቢያው በሰከንድ 20 ጊዜ የሚመላለስ፣ 90 ቮልት ገደማ የሆነ ኃይል ይልካል፤ ካርዱም ይህንን ለይቶ ለማዞሪያው ያስታውቃል።

ሁለተኛው ተግባር ድምፅን መተርጎም ነው። በዲጂታል ማዞሪያ ውስጥ ካርዱ የሚገባውን ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ8 ቢት ይመዘግባል። ስለዚህ የአንድ ሰው ንግግር በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ሦስተኛው ተግባር ጥበቃ ነው፤ በመንገድ ላይ በተዘረጋው ሽቦ የሚመጣ የመብረቅ ኃይል ማዞሪያውን እንዳያቃጥል ካርዱ መከላከያ አለው።

ሆኖም አንድ ችግር አለ። በአሜሪካ የጥሪ ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ይጮህና ለአራት ሰከንድ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ መካከል ሠራተኛው 9ን ቢጫን፣ የመደወያ ድምፅ ሲጠብቅ ከማያውቀው ደዋይ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ለዚህም መሐንዲሶች የመሬት መስመርን እንደ ምልክት የሚጠቀም ዘዴ አበጁ። በዚህ ዘዴ ጣቢያው ስልኩ ከመጮሁ በፊት መስመሩ መያዙን ለካርዱ ያሳውቃል።

ኮሎምበስ በዚህ ታሪክ የራሷ ድርሻ አላት። የቤል የስልክ ሥርዓት አምራች የነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ በከተማዋ በኢስት ብሮድ ጎዳና ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ግዙፍ ፋብሪካ ነበረው። ከፋብሪካው የሚወጡት የጣቢያ ማዞሪያዎች በሽቦው ሌላኛው ጫፍ ሆነው የካርዶቹን ምልክት የሚያዳምጡ ነበሩ።

በሩ ሳይከፈት ሲቀር

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ካሪ ሀንት የተባለች እናት በቴክሳስ ግዛት፣ ማርሻል ከተማ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ተገደለች። ትንሽ ልጇ በክፍሉ ስልክ ወደ አደጋ ጥሪ 911 ደጋግማ ብትደውልም አልተሳካላትም፤ የሆቴሉ ማዞሪያ በመጀመሪያ ሌላ 9 ይጠይቅ ነበርና። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር የመጀመሪያው 9 የውጭ መስመር ለመጠየቅ ይውላል፤ የሚተርፉት 1 እና 1 ደግሞ ብቻቸውን የትም አያደርሱም።

ከዚያ በኋላ «የካሪ ሕግ» የተባለው የፌዴራል ሕግ በየካቲት 2018 ጸደቀ። ከየካቲት 16 ቀን 2020 ወዲህ የሚመረቱ፣ የሚሸጡ ወይም የሚተከሉ የመሥሪያ ቤት ማዞሪያዎች ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር 911ን እንዲያስደውሉ ሕጉ ያስገድዳል። ግዴታው ከዚያ ቀን በፊት የተተከሉትን አይጨምርም። የትራንክ ካርድ ደግሞ በቀላሉ የማይበላሽ ዕቃ በመሆኑ አሮጌ ማዞሪያ ለረጅም ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ኢንተርኔት ስልክ እየተሸጋገሩ ነው። በዚያ የካርዱን ሥራ ሶፍትዌር ይረከበዋል፤ 9ን የመጫን ልማድ ግን በአሠራሩ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም ክሊኒክ ያለው ሰው የስልክ ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል፦ «ከዚህ ስልክ 911 በቀጥታ ይደወላል?» መልሱ «አይደለም» ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ካርድ መቀየር ሳይሆን የማዞሪያውን የመደወያ ሥርዓት ማስተካከል ነው። ለመሞከር የሚፈልግም አስቀድሞ የአካባቢውን የአደጋ ጥሪ ማዕከል በመደበኛ ስልኩ ያነጋግር፤ የሙከራ ጥሪ የእውነተኛ ተጎጂን ተራ እንዳይወስድ።