በመንግሥት ገንዘብ የሚጀመር የሕክምና ፈጠራና የእርስዎ ፊርማ

የዛሬው ንግግራችን አንዲት እናት ስልክ ደውለው ባቀረቡልን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። እኚህ እናት ለሆድ ሕመም ሆስፒታል ሄደው ሳለ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ከወረቀቱ ውስጥ የገባቸው ቃል “መሕቃር” የሚለው ብቻ ነበር፤ ምርምር ማለት ነው። አብሯቸው የሄደው ልጃቸው አነበበና፣ “እማዬ፣ መሣሪያውን የሠራው ድርጅት ከመንግሥት ገንዘብ አግኝቷል ይላል፤ ፈርሚ” አላቸው። እርሳቸው ግን አልፈረሙም። “መንግሥት ገንዘብ ያወጣበትን ነገር እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ? ደግሞስ መንግሥት ካመነበት እኔ የምፈራው ለምንድን ነው?” ሲሉ ጠየቁን።

እምቢ ማለት ይችላሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ግን የመንግሥት ገንዘብ ለነዚህ ትናንሽ ድርጅቶች የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ በሽታን የሚመረምር አዲስ መሣሪያ አሰበ እንበል። ባንክ ቢሄድ ባንኩ መያዣ ይጠይቀዋል፤ ሐሳብ ደግሞ መያዣ አይሆንም። ትልልቅ ፋብሪካዎችም ይሳካ አይሳካ ባልታወቀ ነገር ላይ ገንዘባቸውን ማውጣት አይወዱም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸከም አንድ አካል መኖር አለበት። አሜሪካኖች በ1982 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንናገረው) ባወጡት ሕግ፣ ለምርምር ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው ጥቂቱን ለትናንሽ ድርጅቶች እንዲሰጡ አደረጉ። በእስራኤልም በ1984 የኢንዱስትሪ ምርምርን የሚደግፍ ሕግ ወጣ።

ከዚያ 1991 መጣ። እኛ ያንን ዓመት የምናስታውሰው በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በዚያው ወቅት ከሶቪየት ኅብረት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ሲገቡ ነበር፤ ከነርሱም መካከል ብዙ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ነበሩ። ዕውቀት አላቸው፤ ነገር ግን ቋንቋውንም የንግዱንም መንገድ አያውቁም፤ ብዙዎቹም ከሙያቸው ውጭ ባገኙት ሥራ ላይ ተሰማሩ። መንግሥት በዋናው ሳይንቲስት ጽሕፈት ቤት በኩል “ሐማማ” የሚባሉትን ማዕከሎች ማቋቋም የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ቃሉ ችግኝ የሚበቅልበት ቤት ማለት ነው። በርበሬ ያመረተ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ዘሩ መጀመሪያ በመደብ ላይ ፈልቶ፣ ውኃ እየጠጣ ከጠነከረ በኋላ ወደ ማሳው ይዛወራል። በሐማማው ውስጥ አንድ ሐሳብ ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል። በዚያ ዘመን ከተፈቀደው ወጪ እስከ 85 በመቶ የሚሆነውን መንግሥት ይሰጥ ነበር። ምርቱ ከተሸጠ ድርጅቱ ከሽያጩ ጥቂት በመቶ እየከፈለ ዕርዳታውን ይመልሳል፤ ካልተሳካ ግን አይጠየቅም። ከ2016 ወዲህ የዋናውን ሳይንቲስት ሥራ የተረከበው “ራሹት ሃሐድሻኑት” የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካልተሳካ አይጠየቅም የተባለው ብዙዎቹ እንደማይሳኩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ “መንግሥት ገንዘብ ሰጠበት” ማለት “ሊሞከር የሚገባው ሐሳብ ነው” ማለት እንጂ “ያድናል” ማለት አይደለም። የእናታችን ልጅ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይሳሳቱበታል።

ከተሳካላቸው አንዱን እንንገራችሁ። ዶክተር አሚት ጎፈር የሚባሉ እስራኤላዊ መሐንዲስ በ1997 በደረሰባቸው አደጋ እጅና እግራቸው ሽባ ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሽባ የሆነ ሰው ቆሞ የሚሄድበትን መሣሪያ ማሰብ ጀመሩ። በ2001 ድርጅት አቋቋሙ። ገና ጀማሪ ለሆኑ ፈጣሪዎች ከሚሰጠው “ትኑፋ” ከሚባለው የመንግሥት ዕርዳታ አገኙ፤ ቀጥሎም በቴክኒዮን ሐማማ ውስጥ ሠሩ። “ሪዎክ” የተባለው ይህ መሣሪያ በወገብና በእግር ላይ ይታሰራል፤ ባትሪና ሞተር አለው፤ ሰውየው ሁለት ምርኩዝ ይዞ ሰውነቱን ወደ ፊት ሲያዘነብል መሣሪያው እግሩን ያራምደዋል። በ2012 ክሌር ሎማስ የተባለች ከደረቷ በታች ሽባ የሆነች እንግሊዛዊት በዚህ መሣሪያ የለንደንን ማራቶን ከሁለት ሳምንት በላይ ተጉዛ ጨረሰች። በአሜሪካ ሰዎች በቤታቸው እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው ግን በ2014 ነው፤ ድርጅቱ ከተቋቋመ ከ13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፈጣሪው ራሳቸው ግን አልተጠቀሙበትም፤ እጃቸው ምርኩዝ መያዝ አይችልምና።

የምርመራ መሣሪያም ቢሆን ያው ነው። ዛሬ ሐኪሞች ትንሹን አንጀት ለማየት የሚያስውጡት ካሜራ ያለው እንክብል መነሻው እስራኤል ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ጋብሪኤል ኢዳን ራፋኤል በተባለው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ተቋም ውስጥ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ከአንድ የአንጀት ሐኪም ጎረቤታቸው ጋር ሲጫወቱ በ1981 የተጀመረ ነው ይባላል። እንክብሉ 26 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ስምንት ሰዓት ያህል በሆድ ውስጥ እየተጓዘ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ወገብ ላይ ወደሚታሰር መቅጃ ይልካል፤ ከዚያም በሽንት ቤት ይወጣል። በአሜሪካ የተፈቀደው በ2001 ነው። ከሐሳቡ እስከ ፈቃዱ 20 ዓመት ማለት ነው። ያም ሆኖ ለሁሉ ሰው አይሆንም፤ አንጀቱ የጠበበ ሰው ዘንድ እንክብሉ ተይዞ ሊቀር ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት።

እንግዲህ በሐሳቡና በፈቃዱ መካከል ባሉት ዓመታት መሣሪያው በሰው ላይ መሞከር አለበት። ለእናታችን የተሰጠው ወረቀት የመጣው ከዚህ ቦታ ነው። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ከወጣ ወዲህ፣ በማኅበረሰባችን የሆስፒታል ወረቀት በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድብንም። ነገር ግን በጥርጣሬ ብቻ መሸሽም፣ ሳያነቡ መፈረምም ሁለቱም ይጎዳሉ።

በእስራኤል ከ1980 ጀምሮ ባለው ደንብ መሠረት በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ “ቫዓዳት ሄልሲንኪ” የተባለው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሳይፈቅደው አይጀመርም። በኮሚቴው ውስጥ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ የሕዝብ ተወካይም አለ። እርስዎም ስለ ሙከራው ዓላማ፣ ስለሚደርሰው ጉዳትና ስለሌላው አማራጭ በሚገባዎ ቋንቋ ሊነገርዎ ይገባል። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያም ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊም የትርጉም አገልግሎት እንዲያዘጋጁ ያዛል። ስለዚህ “በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው አምጡልኝ” ማለት ልመና አይደለም። አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለልጁም ለእርስዎም ጥሩ አይደለም። ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደው ለቤተሰብ ሐኪምዎ ማሳየትም ይችላሉ። ከፈረሙ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይፈቀዳል፤ በዚህም ምክንያት መደበኛ ሕክምናዎ አይቋረጥም።

አንድ ነገር ደግሞ አይምታታብዎ። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ “ሳል ብሪኡት” ውስጥ የገባ ምርመራ ወይም መድኃኒት፣ ሐኪምዎ እንደ ደንቡ ካዘዘልዎ መብትዎ ነው፤ ለእርሱ ሲባል ወደ መሕቃር መግባት አያስፈልግም። እናታችንም በመጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው ይህንኑ ነበር፦ “ይህ ምርመራ ለእኔ ሕክምና የታዘዘ ነው ወይስ ለምርምሩ?”

ጠየቁም። ለምርምሩ መሆኑ ተነገራቸው፤ ለሕመማቸው የታዘዘው ምርመራ ደግሞ ሌላ ሲሆን ቀኑም አስቀድሞ ተይዞላቸዋል። ወረቀቱ እስካሁን ሳይፈረም ቤታቸው ነው፤ በአማርኛ የሚያስረዳቸው ሰው የሚገኝበትን ቀን እየጠበቁ ናቸው።