ከመቶ ሦስት

የመንግሥት በጀት ሲቆረጥ ትምህርት ቤት አይዘጋም። ደወሉ በሰዓቱ ይደወላል፣ መምህሯ ክፍል ትገባለች፣ ልጆቹም ቦርሳቸውን አንግተው ይመጣሉ። ከደጅ ሆኖ ለሚያይ ወላጅ የጎደለ ነገር የለም። በእስራኤሏ ረሆቮት ከተማ፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር የማገኛቸው እናቶችና አባቶች ስለ በጀት ቅነሳ በዜና ሲሰሙ «የትልልቆቹ ጉዳይ ነው» ብለው የሚያልፉትም ለዚህ ይመስለኛል። የእኔ ሥራ በረሆቮት ትምህርት ቤቶች መገሸርነት ነው። በመምህራኑና በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል እመላለሳለሁ፤ ስልክ እደውላለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ አንዳንዴም አስታርቃለሁ። ስለዚህ ቅነሳው በየትኛው በር እንደሚገባ አውቃለሁ። የሚገባው በጓሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ከየሚኒስቴሩ ከመቶ ይህን ያህል ይቆረጥ ብሎ በጅምላ ይወስናል። የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ ሦስት ወር ሲያልፈው፣ በጃንዋሪ 2024፣ የዓመቱ በጀት ተከልሶ እንዲህ ዓይነት ቅነሳ በካቢኔ ጸደቀ። ክነሴት በማርች 2025 በ66 ድምፅ ያጸደቀው፣ 620 ቢሊዮን ሸቀል ገደማ የሆነው የ2025 በጀትም ቅነሳ ይዞ ነው የመጣው። ለጦሩ ገንዘብ ማስፈለጉን አልከራከርም። የእኛም ልጆች ዘምተዋል፤ ከሰፈራችን የተጠባባቂ ጥሪ ያልደረሰው ቤት ጥቂት ነው። የምከራከረው ሁሉም በእኩል ተነካ ሲባል ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው። ደመወዝ በኅብረት ስምምነት የታሰረ ነው፤ መደበኛው የክፍል ሰዓትም በሕግና በደንብ ተወስኗል። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ሸቀል ዘጠናው የታሰረ ነው እንበል። ከመቶ ሦስት ቁረጥ የተባለው ኃላፊ ሦስቷን ሸቀል የሚያወጣት ካልታሰሩት ዐሥሩ ውስጥ ነው። በወረቀት ላይ ከመቶ ሦስት የነበረው ቅነሳ እነዚያ ዐሥር ላይ ሲደርስ ከመቶ ሠላሳ ይሆናል። በዐሥሩ ውስጥ ደግሞ ያለው የከሰዓት በኋላው ማጠናከሪያ ነው፣ አምስት ስድስት ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት የንባብና የሂሳብ ቡድን ነው፣ በወላጆች ስብሰባ የሚያስተረጉም ሰው ነው፣ የመገሸር ሰዓት ነው። ወላጆቹ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጅ ይህ ሁሉ ቢቀርበት እራት ላይ አባቱ ያስረዳዋል። ለእኛ ሰፈር ልጅ ግን ጭማሪ የተባለው ነገር ዋናው ነው።

ረሆቮት ድሃ ከተማ አይደለችም። የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም እዚህ ነው፤ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ እዚህ ነው፤ ካፕላን ሆስፒታልም ከእግራችን ሥር ነው። ቂርያት ሞሼ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ የአውቶቡስ መንገድ ላይ ትገኛለች። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ሲገባ፣ ቀደም ሲልም በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ሲቋቋሙ፣ ቤተሰቦች ከመርከዝ ቅሊጣ (ከመጤዎች መቀበያ ማዕከል) እና ከካራቫን ወጥተው ቤት እንዲገዙ መንግሥት በ1990ዎቹ ልዩ የቤት ብድር አዘጋጅቶ ነበር። ብድሩ የሚደርሰው ቤት የሚገኘው ግን እንደ ቂርያት ሞሼ ባሉ ርካሽ ሰፈሮች ነበርና ዘመድ ዘመዱን እየተከተለ በአንድ አካባቢ ተሰባሰበ። ባለቤትነቱም መሰባሰቡም ደስ ይላል። ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ሲታጨቁና የቀሩት ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ሲወስዱ ግን ደስታው ይቀንሳል።

ከተማዋ የማዕከል ከተማ መሆኗም ለእኛ ሰፈር ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለደካማ ትምህርት ቤቶች የሚጨመረው ሰዓት የሚከፋፈለው በመዳድ ቲፑሃ (የድጋፍ መለኪያ) ነው። መለኪያው የወላጆችን የትምህርት ደረጃ፣ የቤተሰቡን ገቢ፣ የስደት ሁኔታንና ትምህርት ቤቱ ከአገሪቱ ማዕከል ያለውን ርቀት ይደምራል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የተሻለም አልመጣም። ነገር ግን ረሆቮት ከቴል አቪቭ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ርቀት በሚለው ነጥብ የቂርያት ሞሼ ልጅ የማዕከል ልጅ ነው። እናቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ለጽዳት ሥራ አውቶቡስ የምትጠብቅበት ፌርማታ የማዕከል ፌርማታ መሆኑ ምን እንደጠቀማት ቀመሩን የሠሩት ሰዎች ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በአንድ የወላጆች ቀን የሆነውን ላጫውታችሁ። ለአንድ ወላጅ የሚሰጠው ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የሚበልጥ፣ ጽዳት የሚሠሩ የጎንደር እናት ከነሥራ ልብሳቸው መጥተው የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ፊት ተቀመጡ። መምህርቷ ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ልጁ ጨዋ ነው፣ አይረብሽም፣ «ሀኮል በሴዴር» (ሁሉም ደህና ነው) ብላ ፈገግ አለች። ስክሪኑ ላይ በንባብና በሂሳብ በኩል ያሉት ቁጥሮች ግን ቀይ ናቸው።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«እታለም፣ ጠባዩ መልካም ነው ብላለች። ንባቡ ግን ከክፍሉ ልጆች ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።»

«ታዲያ አምና ከሰዓት በኋላ ያስጠኑት የነበሩት የሸሩት ለኡሚ (የብሔራዊ አገልግሎት) ልጆች የት ሄዱ?»

«ፕሮግራሙ ለዘንድሮ ገና አልተፈቀደም።»

ሻርፓቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። እቤት ማን ያስጠናልኛል? አንቺ ንገሪያቸው እንጂ» አሉኝ።

ያሉትን ለመምህርቷ ነገርኳት። መምህርቷ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ከሠላሳ በላይ ልጆች ይዛ፣ ከበስተኋላ ወላጅ ተሰልፎባት፣ ቋንቋውን ለማያውቁ እናት አጭሩን መልስ መርጣ ነው። ሆኖም እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት ብሆን ኖሮ እኒያ እናት ከክፍሉ ይዘው የሚወጡት «ሀኮል በሴዴር» የሚለውን ብቻ ነበር። የመገሸር ሰዓት ሲቀነስ የሚጠፋው ይኸው ነው። በየትኛውም የፈተና ውጤት ላይ «አስተርጓሚ ስላልነበረ» ተብሎ አይጻፍም።

«ገና አልተፈቀደም» የምትለው ቃል የሥራዬ የዘወትር መልስ ሆናለች። ምክንያቱ ወለል ብሎ ይታያል። የዚህ አገር የበጀት ዓመት ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል፤ ትምህርት ግን የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ነው። አንዱ የትምህርት ዓመት በሁለት በጀት ይቆረሳል፤ በሴፕቴምበር የተሰጠ ሰዓት ጃንዋሪ ላይ ሊነሳ ይችላል። በአገር ቤት የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ገንዘቡ ቢያንስም ቢበዛም ልኩ ከደወሉ በፊት ይታወቃል። እዚህ ግን በየዓመቱ መታደስ ያለበት ፕሮግራም በጨረታ ለሚያሸንፍ ድርጅት ይሰጣል፤ ጨረታው ይዘገያል፤ ፊርማ ይጠበቃል፤ የቲሽሬ በዓላት ይገባሉ። ከሱኮት በኋላ ይጀመራል ከተባለ ሁላችንም ኖቬምበርን እናስባለን። ሠራተኞቹ ደግሞ በዓመት ኮንትራት ነው የሚቀጠሩት፤ በክረምት ይሰናበታሉ፤ ጥሩዎቹ ሥራ አግኝተው ይሄዳሉ። አዲሷ ልጅ ስትመጣ ሕፃኑ ስሟን ለመልመድ እስከ ሃኑካ ይፈጅበታል።

የባሰም ታይቷል። በማርች 2018 የ2019 በጀት ከጸደቀ በኋላ ቀጣዩ የመንግሥት በጀት የጸደቀው በኖቬምበር 2021 ነው። በመካከሉ አራት ጊዜ ምርጫ ተደረገ፤ የ2020 በጀት ከነአካቴው አልወጣም። በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር መንግሥት በየወሩ የሚያወጣው ያለፈውን በጀት አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነው። ደመወዝና በሕግ የታዘዘ ወጪ አይነካም። በየዓመቱ በውሳኔ የሚታደሰው ግን አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ያ ደግሞ የእኛ ነው። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በጀቱ እስኪጸድቅ የሄድነውም በዚሁ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነበር። ኮሮና፣ ምርጫና ጦርነት እየተደራረቡ ያለፉባቸው ልጆች ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ ባግሩት (የማጠናቀቂያ ፈተና) ይጠብቃቸዋል።

ቅነሳ በሰፈራችን አዲስ አይደለም። ቤንያሚን ኔታንያሁ በ2003 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው የቁጠባ ፕሮግራማቸውን ባወጡበት አካባቢ በነበሩት ዓመታት የየክፍሉ ሳምንታዊ ሰዓት ተቀንሶ ነበር። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩ የቂርያት ሞሼ ልጆች አሁን የራሳቸውን ልጆች ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ያስገባሉ። የተቀነሰውን ሰዓት አቅም ያላቸው ወላጆች ከኪሳቸው ሞሉት፤ የግል አስጠኚ ቀጠሩ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ለተጨማሪ ትምህርት ከፈሉ። የወላጆች ክፍያ ጣሪያውን በየዓመቱ የክነሴት የትምህርት ኮሚቴ ያጸድቃል፤ የፈቃድ ክፍያ ባለመክፈሉም ልጅ ከትምህርት እንዳይገለል መመሪያ አለ። መመሪያው ያልከፈለውን ልጅ ከመገለል ይጠብቀዋል እንጂ ማንም ያልከፈለበትን ትምህርት አያመጣለትም። የሰፈሩ ወላጆች በሙሉ መክፈል ካልቻሉ የሚገለል ልጅ የለም፤ እንደ ሮቦት ያለ ተጨማሪ ትምህርትም የለም። በዚህ ዓይነት መንግሥት ከሁሉም በእኩል ይቆርጣል፤ የሚሞላው ግን በየኪሱ ልክ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ አይወዱልኝም። በ2015 መንግሥት በጁላይና በኦክቶበር ባሳለፋቸው ውሳኔዎች «አዲስ መንገድ» የተባለውን ዕቅድ አወጣ። ዓመቱ የእኛ ወጣቶች ፖሊስ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ወታደር ዳማስ ፓካዳን ሲመታ ካዩ በኋላ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰልፍ የወጡበት ነበር። የዕቅዱ መነሻ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተብለው የተለዩ ፕሮግራሞች ቀስ በቀስ ቀርተው ልጆቻችን ከሁሉም ጋር በመደበኛው አገልግሎት እንዲጠቀሙ ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። እዚህ የተወለደን ልጅ በቆዳው ብቻ ከክፍል ጠርቶ «የኢትዮጵያውያን ቡድን» ውስጥ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውኛል። ችግሩ በቅነሳ ዘመን የተለየው ፕሮግራም «ወደ መደበኛው ገብታችኋል» ተብሎ ይዘጋል፤ መደበኛው ደግሞ «ሰዓት የለንም» ይላል። ልጁ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ አልደረሰም። መዋሃድን የምንፈልግ ሰዎች መዋሃድ ርካሽ ነው ብለን አናውቅም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመለየት የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል።

በሜይ 2025 መጀመሪያ ደግሞ የጋንና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ደመወዛቸው ተቆርጦ ሲያዩት ታመናል ብለው ቀሩ፤ በርካታ ጋኖችም ሳይከፈቱ ዋሉ። እፈርድባቸው ዘንድ አልችልም። በዚያን ጊዜ ከደወሉልኝ ወላጆች ሁሉ የማስታውሰው ግን በሰዓት የምትከፈል አንዲት እናት ናት፦ «ሕፃኑን የት ላድርገው? ዛሬ ካልገባሁ ነገ ሌላ ሰው ያስገባሉ።»

ወላጆቼ፣ በዚህ ሁሉ ከእናንተ እጅ የሚወጣ ነገር አለ። የትምህርት ሚኒስቴር «ሽኪፉት በሂኑኽ» በሚባለው ድረ ገጹ የየትምህርት ቤቱን በጀት፣ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ስንት ሸቀል እንደሚወጣ ጭምር ያወጣል። የትምህርት ቤታችሁን ሴሜል ሞሳድ፣ ማለትም ባለ ስድስት አሃዙን ቁጥር፣ ከጸሐፊዋ ጠይቁ። ገጹ በዕብራይስጥ ነው፤ ትልቁ ልጃችሁ በስልኩ ያወጣላችኋል። የወጡትን የየዓመቱን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ ከተማ ውስጥ ካለ ሌላ ትምህርት ቤትም ጋር አስተያዩት። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ማጠናከሪያው መቼ ይጀመራል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው፣ መገሸር በየትኞቹ ቀናት ይገኛል? በቃል የተጠየቀ ጥያቄ ኮሪደር ላይ ይቀራል፤ የተጻፈው ግን ፋይል ይገባል፣ የኢሪያው (የከተማው አስተዳደር) ትምህርት ክፍልም ይደርሳል። ደብዳቤውን የሚጽፍላችሁ ካጣችሁ ለዚያ እኔና መሰሎቼ አለን፤ እስካለን ድረስ ተጠቀሙብን።

የወላጆች ኮሚቴ የሚመረጠው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በገባሁባቸው ስብሰባዎች ከእኛ ሰዎች እጁን ለዕጩነት ያወጣ እምብዛም አላየሁም። ዘንድሮ ኑ፤ ዕብራይስጡ ቢሰባበርም ግድ የለም።