ብልባላ ጊዮርጊስና የኢንተርኔት ስሞች

በላስታ ደጋ፥ ብልባላ በሚባለው አገር፥ ከዐለት የተፈለፈለ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በላሊበላም ቤተ ጊዮርጊስ አለ፤ በአዲስ አበባም አራዳ ጊዮርጊስ አለ። አንድ ሰው «ጊዮርጊስን ልሳለም እሄዳለሁ» ቢል፥ «የቱን ጊዮርጊስ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ አባቶቻችን ደብሩን በአገሩ ስም ለይተው ብልባላ ጊዮርጊስ አሉት፤ በዚያው አገር ያለውንም ሌላ ደብር ብልባላ ቂርቆስ አሉት።

የኢንተርኔት አድራሻም የተሠራው ይህን በመሰለ ሥርዓት ነው። በአድራሻው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚጻፈው ቃል የላይኛ ደረጃ ዶሜይን ይባላል። ኮምፒዩተር አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ስም ነው፤ እንግዳ ሰው መጀመሪያ አገሩን፥ ቀጥሎ ደብሩን፥ ከዚያም ቤቱን እየጠየቀ እንደሚደርስ ማለት ነው። የአገራችን ስም «ነጥብ ኢቲ» ሲሆን፥ የተመደበልን በ1988 ዓ.ም. ነው፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

በ1977 ዓ.ም. እንደ «ኮም» እና «ኦርግ» ያሉት ስሞች ሲወጡ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በኋላ ግን መልካም መልካሙን አድራሻ የቀደመ ሁሉ ስለ ያዘው፥ «ስም ይጨመር» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሥርዓቱን በበላይነት የሚመራው አይካን የተባለው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. በሩን ቢከፍት 1,930 ማመልከቻ ቀረበለት። የአንዱ ማመልከቻ ዋጋ 185,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ1,200 በላይ አዳዲስ ስሞች ሥራ ላይ ውለዋል።

ታዲያ አሁንም ይጨመርልን እንበልን? ከእነዚህ ስሞች ሁለቱን እንመልከት። በእንግሊዝኛ «ቸርች»፥ ማለት ቤተ ክርስቲያን፥ የሚለውን ስም ዋጋውን የከፈለ ሁሉ ሊይዘው ይችላል። «ካቶሊክ» የሚለውን ግን የያዘችው ቫቲካን ስለ ሆነች፥ ለራሷ ተቋማት ብቻ ትሰጠዋለች። የፊተኛው በር ያለ በረኛ ነው፤ የኋለኛው በረኛ አለው። ስሙን የሚያስከብረው እንግዲህ ብዛቱ ሳይሆን ጠባቂው ነው።

በውጭ አገር የሚኖር አንድ የላስታ ልጅ ለደብሩ ማሳደሻ ገንዘብ ሊልክ አስቦ፥ የደብሩን ስም በሦስት ልዩ ልዩ መጨረሻ ተጽፎ ቢያገኘው፥ እውነተኛውን በምን ይለያል? በብልባላ ቢሆን ካህኑን ጠይቆ ይረዳ ነበር። በኢንተርኔት ግን አጥቢያው የማያውቀው ሰው በደብሩ ስም ደጅ ከፍቶ መባውን ሊቀበል ይችላል። መጨረሻ በበዛ ቁጥር እንዲህ ያለው ደጅ ይበዛል።

ይሁን እንጂ የጎደለን አንድ ስም አለ፤ እርሱም በፊደላችን የሚጻፈው ነው። ግብጽ በዐረብኛ፥ ሩሲያም በራሷ ፊደል የአገራቸውን ስም በ2002 ዓ.ም. አግኝተዋል። የግዕዝ ፊደልም በ2009 ዓ.ም. በአይካን ደንብ ውስጥ ገብቷል። ዳዊት የሚደግሙ እናት የደብራቸውን አድራሻ በላቲን ፊደል ለማንበብ መቸገራቸው ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ይህም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሥላሴ የሚለውን ስም አንዱ በንጉሡ «ሠ»፥ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋል። ለእኛ ስሙ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ነው። ሁለቱ በሁለት ሰው እጅ ቢገቡ ምእመኑ ይሳሳታል።

ስለዚህ የሚያስፈልገን ብዙ ስም ሳይሆን፥ በፊደላችን የተጻፈና መልካም ጠባቂ ያለው ስም ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ወላጆች ልጆቻችንን አድራሻን ከመጨረሻው እንዲያነቡ እናስተምራቸው። መባ ከመላካችንም በፊት የሰበካ ጉባኤውን በስልክ ጠርተን፥ «ይህ ደጅ የእናንተ ነውን?» ብለን እንጠይቅ። ደጁን ሳያውቅ መባውን የሚያኖር፥ ለማን እንደ ሰጠ አያውቅምና።