ደመላሽ የሚባል ዘመድ ካላችሁ

አጎታችሁ ወይም የአባታችሁ ጓደኛ ደመላሽ ይባሉ ይሆናል። ውጭ አገር ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሀል ላይ ያለችው «ም» ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ሆና ትቀራለች። እናታቸው ሲጠሯቸው ግን ጠበቅ አድርገው ነው፤ ስሙ «ደም» እና «መላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ነውና።

«ተበቃይ» ብላችሁ ብትተረጉሙት የፊልም ጀግና ይመስላችኋል። የቃሉ ክብደት ያለው «መለሰ» ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰጣችሁ ዝርዝር መልስ ነው። ከሠርግ በኋላ ሙሽሮቹ በሴቷ ወላጆች ቤት የሚጋበዙበት ድግስም መልስ ይባላል። በሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር «ደም መልስ» ነው። እንግዲህ ደም የመለሰ ሰው፣ በአሮጌው አስተሳሰብ፣ የወገኑን ዕዳ ያስከፈለ ሰው ነው። «ብድሩን መለሰ» የሚባለውም ከዚሁ ነው፤ ውለታ ለመለሰም ይሆናል፣ ጥቃት ለተበቀለም።

ዕዳው ቀልድ አልነበረም። በቀድሞው ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ተፈርዶበት ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወገኑም ወይ ይገድለዋል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። አባቱ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ደመላሽ መባሉ፣ ገና በአራስነቱ ሥራ እንደ መስጠት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ለሕፃኑ አዝናለሁ።

ከጎኑ የሚቆም ሌላ ስም አለ፤ ካሳ። የጠፋውን የሚተካ ማለት ነው እንጂ ጠመንጃ አያሸክምም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1864 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ሁለቱም ካሳ ነበሩ። ካሳሁንና ምትኩም የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሽማግሌ ሲያስታርቅ «ደም ማድረቅ» ይባላል። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ይማማላሉ። ያኔ ደመላሽ የተባለውም ልጅ ከሥራው ይሰናበታል፣ ስሙ ግን አብሮት ይኖራል።

ዛሬ ብዙው ደመላሽ ከደም ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። የስሙን ምክንያት መጠየቅ የፈለገ ግን ቶናው እስኪቀዳ ይታገሥ። አንዳንዱ ቤት ታሪኩ እስከ በረካ ያደርሳል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ መልሱ «አያትህ ስሙን ስለወደዱት ነው» ብቻ ነው።