ብየዳው ለምን ይለቃል?



ከሮቤና ከጎባ ደጋ ተነሥቶ ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን የሚጓዝ ሰው ባላ በትሩን በአንድ እጁ፣ ማንቆርቆሪያውን በሌላው ይይዛል። መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ፀሐዩም ይበረታል። ማንቆርቆሪያው ካፈሰሰ ውኃው ለመጠጥም ለዉዱም አይበቃም። «በቀደም እኮ አስበይጄው ነበር!» ይላል መንገደኛው። ታዲያ ብየዳው ለምን ለቀቀ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በአየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ነገር አለ። ይህ ነገር ከብረት ጋር ሲዋሐድ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ብረት ሲዝግ፣ መዳብ ሲጠቁር አይታችኋል። ሽፋኑ በዓይን ባይታይም አለ። ብረቱን በአሸዋ ፈትጋችሁ ብታነጡትም፣ እሳት ሲነካው ወዲያው ይመለሳል።

ግድግዳ ስትመርጉ አስቡ። አቧራ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ይረግፋል። መበየጃውም በዚህ ሽፋን ላይ ቢፈስ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይጣበቅም።

ስለዚህ ባለሙያው ሲበይድ ፍላክስ የሚባል ነገር ይቀባል። ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሽፋኑን አሟሙቶ ያነሣል። ሁለተኛ፣ የጋለውን ብረት ከአየር ይከልላል። ሦስተኛ፣ የቀለጠው መበየጃ ተዘርግቶ ስንጥቁ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። ፍላክስ ራሱ ማጣበቂያ አይደለም፤ መንገድ ጠራጊ ነው።

ዓይነቱ እንደ ሥራው ይለያያል። ለሬዲዮ ሽቦ ከፓይን ዛፍ ሙጫ የሚገኘው ሮዚን ይሆናል። ለጣሳና ለኩራዝ ከዚንክ ክሎራይድ የሚሠራ ፈሳሽ አለ። ብር ለሚያያይዝ አንጥረኛ ደግሞ ቦራክስ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። እሳት ሲነካው ቀልጦ ብሩን እንደ ብርጭቆ ይሸፍናል። በአገራችን ብዙ የብር ጌጥ የተሠራው 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ጽሑፍ ያለበት ማርትሬዛ ብር እየቀለጠ ነው። ያን ሁሉ ጌጥ ያለ ፍላክስ ማያያዝ ከባድ በሆነ ነበር።

አሁን ጥንቃቄውን ልብ በሉ።

ለጣሳ የሚሆነው ፍላክስ አሲድነት አለው። ከብየዳው በኋላ በውኃ በደንብ ካልታጠበ ብረቱን እየበላ ይቆያል። ጢሱንም አትሳቡት።

መበየጃው ብዙ ጊዜ የቲንና የእርሳስ ድብልቅ ነው። 63 እጅ ቲን፣ 37 እጅ እርሳስ ሲሆን በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ውኃ ሳይኖረው እሳት ላይ ከተረሳ ብየዳው ይለቃል። ከዚህ የከፋው ግን እርሳሱ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ለመጠጥ ውኃ ቧንቧ እርሳስ ያለበት ብየዳ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኩራዝ ስታስበይዱም ላምባውን መገልበጥ ብቻ አይበቃም። የቀረው ትነት እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። አስቀድማችሁ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት።

እንግዲህ ማንቆርቆሪያችሁን ለበያጁ ስትሰጡ ሁለት ነገር ጠይቁት። «ፍላክሱን ታጥበዋለህ ወይ? መበየጃህ እርሳስ አለበት ወይ?» እርሳስ አለበት ካላችሁ፣ ያ ዕቃ ለመጠጥና ለምግብ አይሁን። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ውኃውን የሚጠጡት ልጆቻችሁ ናቸውና።